የዘሩ ዕዳ በማን ጫንቃ?

በአገራችን ‹‹ስለ ዘር ልጽፍ ነው›› ያለ ሰው ገና ብዕሩን ሳያነሳ ወዳጅና ጠላት ያፈራል። ቃሉ ብዙ ጭነት አለበት። ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው የጋብቻ ሽማግሌም፣ መድረክ ላይ የሚፎክረው ፖለቲከኛም፣ የአያት ቅድመ አያቱን ሐረግ የሚመዝዘው የድሮ ባላባትም የሚያነሱት ዘር ነው። እኔ የማነሳው ግን ከሁሉም የሚቀድመውን ነው፤ በጆንያ ተቋጥሮ ጎተራ ጥግ የሚቀመጠውን፣ የችግር ቀን መጥቶ ልጅ ሲያለቅስ እንኳ ‹‹እሱን አትንኩት›› የሚባለውን። ይኸኛው ዘር ከጠብ የጸዳ የሚመስለው አንባቢ ካለ ቆም ብሎ ያስብ። የዚህኛው ጠብ በእህል ዋጋ፣ በውጭ ምንዛሪና በፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ስለሚካሄድ ጩኸቱ ራቅ ብሎ ይሰማል እንጂ ከዚያኛው አያንስም።

ጉዳዩን ባሌ ላይ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። ከሻሸመኔ ተነስቶ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾን ያለፈ መንገደኛ ወደ ሮቤ ሲወርድ ዓይኑ የሚያርፍበት ሜዳ የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሲናና፣ አጋርፋ፣ ጋሰራ፣ ጎሮ ሲባል ስንዴና ገብስ ማለት ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ የአካባቢው ሰው አንዱን ወቅት ‹‹ገና›› ሌላውን ‹‹ቦና›› ይለዋል። (የመጀመሪያው ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም፤ ኦሮምኛ ነው።) በብዙው የአገራችን ክፍል ገበሬ ስንዴውን በማጭድ አጭዶ በከብት ሲያበራይ፣ በደርግ ዘመን ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች በነበሩበት በዚህ ሜዳ ግን ኮምባይነር እንደ ጎረቤት የታወቀ ነገር ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የስንዴ ዝርያዎች መካከል ማዳ ወላቡና ሶፍ ዑመር የሚባሉ አሉ። ባሌ ለዘሩ ስሙን አውሶታል ማለት ነው። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሯ በይፋ ሲታወጅም፣ የባሌ ሜዳ በወሬው ውስጥ ሳይጠራ አልቀረም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ‹‹ልውጥ ሕያው›› የሚባለው፣ ማለትም ዘረ መሉ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ስንዴ ነገ ሮቤ ገበያ ቢደርስ፣ ባሌ ይቀበለው ወይስ ይመልሰው? ዛሬ በአገራችን በልውጥ መንገድ የተሠራ ስንዴ ለእርሻ አልተፈቀደም። ቢሆንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ግንድ ዋግን የሚቋቋሙ አምስት ዘረ መሎችን በአንድ ላይ አስረው በአንድ ስንዴ ውስጥ ማስገባታቸውን አሳወቁ። ዋግ አንዱን በር ሲሰብር አራቱ ተዘግተው ይጠብቁታል ነው ሐሳቡ። አዲስ አበባ ሆኖ ይህን ለሚሰማ ሰው ተራ የሳይንስ ዜና ነው። ለባሌ ገበሬ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በቅድሚያ ‹‹የፈጣሪን ሥራ መለወጥ ነውር ነው›› የሚለውን ክርክር ቶሎ ማለፍ እወዳለሁ። ንቄው አይደለም። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ይህን ከልቡ የሚያምን ሰው አለ፣ እምነቱም ይከበርለታል። ግን ለገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቅሎ ፈረስንና አህያን ያገናኘ የሰው ብልኃት ውጤት ናት፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ‹‹የፍጥረትን ድንበር አትዝለሉ›› ብሎ መስበክ ትንሽ ያስቃል። የዳቦ ስንዴም ቢሆን የሦስት የሣር ወገኖች ድብልቅ ነው፤ ግማሹን ተፈጥሮ፣ ግማሹን ስሙ የማይታወቅ የጥንት ገበሬ ሠርቶታል። ስለዚህ የኔ ጥያቄ ‹‹ሰው ዘርን መንካት ይገባዋል ወይ?›› አይደለም። ነክቶታል። የኔ ጥያቄ የነካው ሰውና ዕዳውን የሚከፍለው ሰው ለምን ሁልጊዜ የተለያዩ ይሆናሉ ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ተከታይ ብቻ አልነበረችም። ሟቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ የካርታሄና ፕሮቶኮል የሚባለው የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ እስኪጸድቅ ድረስ የአፍሪካንና የብዙ ታዳጊ አገሮችን ወገን ይዘው የተከራከሩ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን የስዊድን ሽልማት አገኙ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር አንዲት አገር ልውጥ ዘር ከመግባቱ በፊት ተጠይቃ የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት አላት የሚል ነበር። አገር ውስጥም በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 655 ወጣ። ጥብቅ ነበር፤ ተመራማሪዎች ‹‹ለሙከራ እንኳ በሩን ዘጋብን›› እስኪሉ ድረስ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ፣ ላላ። በ2010 ዓ.ም. ትል የሚቋቋም የህንድ ጥጥ ለእርሻ ተፈቀደ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥጥ ይፈልጋል፣ ጥጡ ውስጥ ትል አለ፣ ስለዚህ ትል የማይበላው ዘር ይምጣ፤ አመክንዮው ቀጥ ያለ ነው። ብቻ የመጣው ዘር ዲቃላ ነው። ዲቃላ ጥጥ የዘራ ገበሬ የራሱን ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቢዘራው እንደ መጀመሪያው አይሆንለትም፤ በየዓመቱ ከሻጭ ደጅ መቆም አለበት። ሻጩም ያለው ባሕር ማዶ ነው።

ስንዴ ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳብር ተክል ነው። ዘንድሮ የታጨደው ከርሞ ቢዘራ ያንኑ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ የባሌ ገበሬ ምርጥ ዘር አንድ ጊዜ ከገዛ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ከራሱ ጎተራ እየዘራ፣ ለአማቹ እያበደረ፣ ለጎረቤቱ በእህል እየለወጠ ይቆያል። ብዙው የስንዴ ዘር የሚዘዋወረው በዚህ መንገድ ነው። ማኅተም የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፤ ምስክሩ ዝምድና ነው። ለዘር ነጋዴ ይህ ራስ ምታት ነው። ለገበሬ ግን የመጨረሻው ነጻነቱ ነው ብል አላጋነንኩም። በባንክ ወለድ፣ በማዳበሪያ ዋጋ፣ በኮምባይነር ኪራይ ላይ አንዳች ሥልጣን የሌለው ሰው፣ በዘሩ ላይ ግን አለው።

አሁን ወደ ዋግ ልመለስ። ባሌን ያላየ ሰው ዋግ ሲባል አንድ ተራ የተክል በሽታ ይመስለዋል። ዛሬ አረንጓዴ የነበረ ማሳ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ዝገት የበላው ቆርቆሮ መስሎ ሲታይ፣ ያለፉበት ሰው ሱሪ ቀይ አቧራ ይዞ ሲመለስ ነው ትርጉሙ የሚገባው። ታሪኩም ተደጋጋሚ ነው። ‹‹እንኮይ›› የሚባል ስንዴ ነበር። ገበሬው ወደደው፣ አርሲና ባሌ በእሱ ተሸፈኑ። በ1986 ዓ.ም. የምርት ዘመን ግንድ ዋግ መጣና እንኮይን ከማሳ አስወጣው። ቀጥሎ ‹‹ኩብሳ›› ነገሠ። ምርቱ ብዙ፣ ዳቦው ጥሩ። በ2002 ማለቂያና በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ አገሩን አጥለቀለቀው፤ ኩብሳ ተመታ። ያኔ የግብርና ሰዎች ‹‹ዲጋሉ›› የሚባለውን፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣውን ዝርያ ለገበሬው አቀረቡ። ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል፤ ከዩጋንዳ ተነስቶ ዓለምን ያስጨነቀውን የግንድ ዋግ ዝርያም ይቋቋማል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ገበሬው እንደ ቀድሞው አመነ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከዩጋንዳው ጋር የማይዛመድ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ ታየ፤ እስከ ጥር ድረስ ዲጋሉ የተዘራባቸው ብዙ ማሳዎች ምርታቸውን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ አጡ። ለአጨዳ ሦስትና አራት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ማዳበሪያው ተከፍሏል፣ አረሙ ታርሟል፣ ትራክተሩ ተከራይቷል፤ የቀረው ኮምባይነር መጥራት ብቻ ነበር።

ዲጋሉ ልውጥ ሕያው አልነበረም። ይህን በደንብ አስምሬ ማለፍ እፈልጋለሁ። በተለመደው የማዳቀል መንገድ የመጣ፣ በመንግሥት ምርምር ተፈትኖ የወጣ፣ በቅን ልቡና የተሰጠ ዘር ነበር። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። እንደዚያም ሆኖ ገበሬው ማሳውን አጣ፤ ያጣውን ደግሞ ለብቻው አጣ። የመከረው የልማት ሠራተኛ ደመወዙን አላጣም። ዝርያውን ያወጣው ተቋም በጀቱን አላጣም። ዘሩን የሸጠው ድርጅት ገንዘቡን አልመለሰም። ይህን የምለው እነሱን ለመክሰስ አይደለም፤ ሕጉ ለዲጋሉ ኪሳራ ተጠያቂ የሚሆን አንድም ሰው አያውቅም፣ እነሱም ሕግ አልጣሱም። ጉዳዩ ክስ ሳይሆን ትዝብት ነው። ‹‹ልውጥ ዘር አደገኛ ነው፣ የጥንቱ መንገድ ይሻለናል›› የሚሉ ወገኖች የዲጋሉን ኅዳር መመለስ አለባቸው። ‹‹ሳይንስ ያድነናል›› የሚሉትም እንዲሁ፤ ዲጋሉም በጊዜው ሳይንስ ነበርና።

ሁለት ድንበርተኛ ገበሬዎች እናስብ። አንዱን ሐጂ ሌላውን ኦቦ እያልን እንጥራቸው፤ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ ሲናና አካባቢ ቦይ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ልውጡ፣ ዋግ የሚቋቋመው ስንዴ መጣ። ሐጂ ዘሩት። ኦቦ ‹‹እኔ የማላውቀውን አልዘራም›› አሉ። የከተማው ሰው ሁለቱንም አመስግኖ፣ ‹‹መልካም ነው፤ የፈለገ ይዝራ፣ ያልፈለገ ይተው፤ ነጻ ምርጫ ነው›› ብሎ ይሄዳል። ኮምባይነሩ ግን ነጻ ምርጫ አያውቅም። የሐጂን ማሳ አጭዶ ሲጨርስ በወንፊቱ፣ በማስተላለፊያ ቱቦውና በገንዳው ጥግ ብዙ ኪሎ እህል በሆዱ ይዞ ወደ ኦቦ ይሻገራል። ክፍያው በኩንታል ስለሆነና ሌሎች ወረፋ ስለሚጠብቁ፣ ደመናም ስለሚያስፈራ፣ ቆሞ የሚያጸዳው ሰው የለም። የስንዴ ብናኝ በነፋስ ርቆ አይሄድም፤ ስለዚህ አንዱ ስንዴ ከሌላው የሚደባለቀው ከአበባው ይልቅ በብረቱ ነው። ኦቦ ከዚያ እህል ለከርሞ ዘር ያስቀራሉ። በሦስተኛው ዓመት የኦቦ ጆንያ የሐጂን ዘር ይዟል፤ ኦቦ ግን አያውቁትም።

ያወቁ ዕለት ሄደው፣ ‹‹ሐጂ፣ የእርስዎ ዘር በእኔ ጆንያ ውስጥ ምን ይሠራል?›› ቢሏቸው ክሱ ትክክል ነው።

ነገር ግን ሐጂም መልስ አላቸው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ በሽታ ነው። ዋግ በማይቋቋም ማሳ ላይ ሲራባ ብናኙ በብዙ ቁጥር ይነሳል፤ ሲራባም ይለወጣል፣ ሲለወጥም የትናንቱን መከላከያ የሚሰብር አዲስ ዝርያ ይወልዳል። ዋግ የሚበላውን ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ለጎረቤቱ መከላከያ መሰበር ማሠልጠኛ ሜዳ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሐጂ፣ ‹‹ኦቦ፣ የእርስዎስ ዋግ በእኔ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል?›› ቢሉ ይህም ክስ ትክክል ነው።

ነገሩን ሁሉ ያከበደብኝ ይኸው ነው። የልውጥ ዘር ደጋፊም ተቃዋሚም ‹‹የገበሬው መብት›› እያለ ይምላል። አንዱ የመዝራት መብት፣ ሌላው ያለመዝራት መብት ይላል። ሁለቱም ማሳን አጥር ያለው ግቢ አድርገው ያስባሉ። ማሳ ግን ግቢ አይደለም። የሐጂ እሺታም የኦቦ እምቢታም ቦዩን ይሻገራል። መቀበል ዕዳ አለው ሲባል ሁላችንም በቀላሉ እንሰማለን፤ እምቢ ማለትም ዕዳ እንዳለው፣ ያንን ዕዳ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ እምቢ ያለው ሰው አለመሆኑን መስማት ግን አንወድም። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስብሰባ አዳራሽ ‹‹አንቀበልም›› ለሚል ሰው ዋግ ምኑም አይደለም። ዳቦው ዋጋ ይጨምርበት ይሆናል እንጂ ማሳው አይደርቅበትም። ዋግ በመጣ ቁጥር ቲልት ወይም ሌላ ፀረ ዋግ ኬሚካል ፍለጋ ሮቤ ከተማ የሚሯሯጠው ገበሬ ነው። በዚያ ሩጫም ቀድሞ የሚደርሰው ብር ያለው ነው፤ መርጫ የሌለው ድሀ መርጫ ያለው ጎረቤቱ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ዋግ ግን አይጠብቀውም። ኬሚካሉም እንደ ልውጡ ዘር ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም። ‹‹ከባሕር ማዶ ኩባንያ እጅ እንዳንወድቅ›› ለሚል ሰው፣ በየዓመቱ በመርጫ ጀርባችን ላይ ተሸክመን የምንዞረው ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ ንግዱ እንለፍ። ዓለም ስለ ልውጥ ስንዴ ያለው ልምድ ከሜዳው ይልቅ ከወደቡ የተገኘ ነው። ሞንሳንቶ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ አረም ማጥፊያ የሚቋቋም ስንዴ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ራሱ ተወው። ስንዴው አልበቅል ብሎ አይደለም። ጃፓንና አውሮፓ አንገዛም ስላሉ፣ የአሜሪካና የካናዳ ገበሬዎች ገበያችንን ልታሳጣን ነው ብለው ስለተነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ያ የተተወው ስንዴ ሙከራው ከቆመ ከዓመታት በኋላ ኦሪገን ውስጥ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ በቅሎ ተገኘ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ከአካባቢው የሚገዙትን ስንዴ ለጊዜው አገዱ። ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከገበሬዎቹ ጋር ታረቀ። አርጀንቲና ብልኅ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ድርቅ የሚቋቋመውን ልውጥ ስንዴ ስትፈቅድ፣ ዋናዋ ገዢ ብራዚል እስክትቀበለው ድረስ ለገበያ አይውልም የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ብራዚል ዱቄቱን የተቀበለችው በ2021 ማለቂያ ነው። ፈቃዱ የተጻፈው ቦነስ አይረስ ውስጥ ቢሆንም እስክሪብቶው የገዢው ነበር።

ከሁሉ በላይ ለኛ የሚቀርበው የቡርኪና ፋሶ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትል የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ በሰፊው ዘሩ። የገበሬው የመርጨት ልፋት ቀነሰ፣ ምርቱም ጨመረ። ግን የጥጡ ቃጫ ከቀድሞው አጠረ። የቡርኪና ጥጥ በረዥም ቃጫው በዓለም ገበያ ስም የነበረው ነው፤ ስሙ ሲወርድ ዋጋውም ወረደ። በ2016 አካባቢ አገሪቱ ወደ ቀድሞው ጥጥ ተመለሰች። የጥጥ ኩባንያዎቹ ከሞንሳንቶ ካሳ ጠየቁ፣ በ2017 በድርድር ጨረሱ። ከዚህ ታሪክ የሳበኝ ሌላው ቀርቶ ካሳው ነው። ማኅተምና ጠበቃ ያለው የጥጥ ኩባንያ የከሰረበትን ቆጥሮ ጠየቀ። የዲጋሉ ገበሬ ማንን ይጠይቅ ነበር?

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ከካናዳና ከጃፓን የተዋስነው የንግድ ፍርሃት ለባሌ ስንዴ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የባሌ ስንዴ ዋና ገዢ ቶኪዮ የለም፤ ያለው አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካዎች ነው። ለብዙ ዓመታት ስንዴ ስንገዛና በእርዳታ ስንቀበል የኖርን ሰዎች ‹‹ገበያ እናጣለን›› ብለን ስንጮኽ ትንሽ ራሳችንን መታዘብ አለብን። ቢሆንም ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ‹‹የባሌ ስንዴ›› የሚለው ስም የሐጂም የኦቦም አይደለም፤ የጋራ ነው፣ እንደ ቤተሰብ ስም። በጣሊያን ትብብር ለፓስታ የሚሆን ዱረም ስንዴ ባሌ ላይ እንዲስፋፋ ብዙ ተደክሟል፤ እዚያ ድካም ውስጥ የተገነባው ትልቁ ነገር ገዢው በስሙ እንዲያምን ማድረግ ነው። ያንን ስም አንድ ሰው ብቻውን ሊሸጠው ይችላል፣ ብቻውን ግን መልሶ ሊገዛው አይችልም። ማርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የልውጥ በቆሎ ብናኝ የተገኘበት ማር ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ በኋላ የአውሮፓ ሕግ ተሻሽሎ ነገሩ ረገብ አለ። ስንዴ ከንብ ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፤ በቆሎ ግን አለው፣ የሐረና ጫካ ማር ሻጭም ይህን ማወቅ አለበት። ባለማሩ በቆሎ ዘርቶ ላያውቅ ይችላል፤ ዕዳው ግን በንብ ክንፍ ይመጣል።

የባለቤትነቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ኢትዮጵያ የዘር ድሀ አይደለችም። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ብዛት አይቶ ተደንቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከገበሬው ጎተራ እየለቀሙ ያቆዩት ሀብት አለው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ ዘረ መል በካሊፎርኒያ የገብስ እርሻ ላይ የመጣን የቫይረስ በሽታ መክቷል። ያን ገብስ በመልካምነቱ መርጦ ለልጁ ያወረሰው ደገኛ ገበሬ ምን አገኘ? ምንም። ‹‹የዓለም የጋራ ሀብት ነው›› ተባለ። ይሁን። ግን ጤፍ ተከተለ። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋልን፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት አወጣ፣ ከዚያም ከሰረ። ወረቀቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሄግ ያለው ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ቆየ። ከውሉ የደረሰን ጥቅም ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ስንሰጥ የጋራ፣ ስንቀበል የግል፤ ይህን ሚዛን ያየ ሰው የልውጥ ዘር ውል ሲቀርብለት እጁን ቢያዘገይ አላዋቂ አያሰኘውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ ዋግ የሚቋቋመውን ስንዴ በሩ ላይ አልመልሰውም። የዲጋሉን ኅዳር ያየ ማሳ ለመመለስ አቅም የለውም። ነገር ግን ስንዴው እንደ ስንዴ ይግባ፤ ገበሬው ከጎተራው የሚዘራው፣ ለአማቹ የሚያበድረው፣ ደረሰኝ የማይጠየቅበት ሆኖ። ‹‹የዘራኸውን መልሰህ አትዝራ›› የሚል አንቀጽ ያለበት ውል ከመጣ፣ አምስቱ ዘረ መሎች አሥር ቢሆኑም ይቅርብን እላለሁ፤ ምክንያቱም ያኔ የገዛነው መድኃኒት ሳይሆን ኪራይ ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ልውጡ ብቻ አይደለም። ማንኛውንም ዝርያ፣ ልውጥም ይሁን ዲቃላ ወይም ተራ፣ ‹‹ዝሩት›› ብሎ የሚያወጣ አካል ከሽያጩ ላይ ለዝርያው መሰበር የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ ይኖርበታል። መከላከያ እንደሚሰበር እንኮይ፣ ኩብሳና ዲጋሉ ሦስት ጊዜ ነግረውናል፤ የሚታወቅን ኪሳራ እንደ ድንገተኛ መዓት ቆጥሮ ለገበሬው ብቻ መተው ከአሁን በኋላ የዕድል ጉዳይ አይደለም፣ ውሳኔ ነው። ‹‹መንግሥት ከየት ያመጣል?›› የሚል አይጠፋም። መልሱ ከማዳበሪያው ዕዳ ማስመለሻ ጥንቃቄ ግማሹን ለዚህ ማዋል ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ለመሰብሰብ የሚያውቀውን ቤት ለካሳ ሲሆን አድራሻው አይጠፋበትም።

ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል። አንድ ኮምባይነር ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በደንብ ለመጽዳት የሥራ ሰዓቱን ያቃጥላል። በአጨዳ ወራት ይህ ጊዜ ለባለ ኮምባይነሩ ብዙ ኩንታል ነው፤ ወረፋ ለያዙት ገበሬዎች ደግሞ ዝናብ ይመጣል አይመጣም የሚያስብሉ ሰዓታት። ሐጂ ‹‹ዘሩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም›› ይላሉ። ኦቦ ‹‹እኔ ጭራሽ አልዘራሁም›› ይላሉ። ባለ ኮምባይነሩ ከአርሲ የመጣ ነው፤ ነገ አጋርፋ ይጠብቁታል፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ዘሩን ያወጣው ድርጅት ቢሮ ሌላ ከተማ ነው። የእነዚያን ሰዓታት ኪራይ ከፋይ ማን እንደሆነ በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ደንብ ስንዴው ሮቤ ከመድረሱ በፊት መውጣት አለበት፤ ስንዴው ከደረሰ በኋላ ከፋዩ ማን እንደሚሆን አሁኑኑ መናገር ይቻላልና።